የአባባን ለሃጭ በመድኃኒት እንዴት ቀነስን

አባባ ፓርኪንሰን አለባቸው። የእጃቸው መንቀጥቀጥ ብዙም አላስጨነቃቸውም። ያሳቀቃቸው ለሃጩ ነው። ሸሚዛቸው ደረቱ ላይ ይርሳል፤ እንግዳ ሲመጣ ተነስተው ጓዳ ይገባሉ። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ትተው ነበር።

እኛ ምራቃቸው የበዛ መስሎን ነበር። ነገሩን ያስረዳችን የነርቭ ሐኪሟ ናት። ማንኛውም ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል፤ ግን ሳይታወቀው ይውጠዋል። ፓርኪንሰን መዋጥን ያዘገያል፣ ምራቁም አፍ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ መጀመሪያ ያዘዘችልን ቀና ብሎ መቀመጥና ማስቲካ ማኘክ ነበር። ረድቷል፤ ግን አልበቃም።

ከዚያ አትሮፒን 1 በመቶ ታዘዘ። የዓይን ጠብታ ነው፤ እኛ ግን ከምላስ ሥር ነው የምናደርገው። የምራቅ ዕጢዎችን የሚያዘውን የነርቭ መልእክት ያግዳል። ሐኪሟ ከማዘዟ በፊት ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ወይም የፕሮስቴት ችግር እንዳለባቸው ጠየቀች፤ ሁለቱንም ሊያባብስ ይችላልና። አንዷ ጠብታ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ መድኃኒት አላት፤ “አንድ ብትጨመር ምን አለበት” የሚባልላት አይደለችም።

አባባ ቁጭ ይላሉ፣ ምላሳቸውን ወደ ላንቃ ያነሳሉ፣ እኔ ጠብ አደርጋለሁ። ወዲያው እጄን እታጠባለሁ፤ በዚያ እጅ ዓይን ቢታሽ ብሌኑ ይሰፋል፣ እይታም ይደበዝዛል። እናቴ ደግሞ የግላኮማ ጠብታ አላቸው፤ ብልቃጦቹ ቁርጥ አንድ ናቸው። የአባባ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በትልቁ “ለአፍ” ብዬ ጻፍኩበት፣ መደርደሪያውንም ለየሁ። ይህን ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ።

ለሃጩ ቀነሰ። ግን ሆድ ድርቀት ተከተለ፤ አፋቸው ሲደርቅ እንጀራውም አልወርድ አለ። ለሐኪሟ ስንነግራት የምሽቱን ጠብታ አስቀረችው። ምራቅ ጥርስን ይጠብቃል፣ ምግብ ያወርዳል፤ ጨርሶ ከጠፋ አክታም ይወፍራል። ሸሚዛቸው ትንሽ ቢርስ ይሻላል።

በጣም የምከታተለው ግን አእምሯቸውን ነው። አትሮፒን ወደ አንጎል ይገባል፤ አዛውንት ላይ መቀባዠርና የሌለ ነገር ማየት ሊያመጣ ይችላል። አርቴን የሚባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በተለይ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሁለቱ ሥራቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ጉዳታቸው ይደራረባል። ግላይኮፒሮሌት የሚባለው ሌላው የምራቅ መቀነሻ ወደ አንጎል ብዙም ስለማያልፍ በዚህ በኩል ይሻላል። የምራቅ ዕጢው ላይ የሚወጋው ቦቱሊነም የሚባል መድኃኒት ደግሞ ለ3 ወር ገደማ ይይዛል።

ለጊዜው አትሮፒኑን ቀጥለናል። ሽንታቸውን፣ ሆዳቸውንና እንቅልፋቸውን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ሐኪሟ በየቀጠሮው መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።