ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤት

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ የጊቤን በረሃ ካለፍን በኋላ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነበር።

ያናደደኝ ሌሊቱ ነው። ካረፍኩበት ሆቴል ሥር ጭፈራ ቤት አለ። ግድግዳው እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲንቀጠቀጥ አደረ። ጠዋት ደግሞ አንድ ባለ ባጃጅ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ኮረብታ ለመውጣት 600 ብር አለኝ። አጠገባችን የቆሙ እናት በኦሮምኛ ተቆጡት፤ 250 ላይ ወረደ። «ግባ ልጄ፣ እንግዳ አይዘረፍም» አሉኝ። ንዴቴ ሁሉ እዚያው በረደ።

ቤተ መንግሥቱ ኮረብታው ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ከዚህ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ውበቱ እንጨቱ ነው፤ ምሰሶው፣ ደረጃው፣ ሰገነቱ። የደረጃውን መደገፊያ በእጄ ዳሰስኩት፤ ከብዙ እጅ ብዛት ልሟል። እኛ አዲስ አበባ ስናድግ ቤተ መንግሥት ማለት አጥር ነበር፤ በሩ ላይ ቆም ማለት እንኳ ያስቆጣል። እዚህ መስጊዱ አጠገቡ ነው፤ የሰፈሩ ሰው መጥቶ ይሰግዳል። ደስ አለኝ።

አስጎብኚው ደጋግሞ የሚያነሳው የንጉሡን እናት ጉሚቲን ነው። አባ ጅፋር በ1884 ሳይዋጉ ለምኒልክ የገበሩት በእሳቸው ምክር ነው ይባላል። ጅማም ግብሯን እየከፈለች ለአሥርት ዓመታት ራሷን አስተዳደረች። ይህን ፍርሃት የሚሉት አሉ፤ እኔ ብልህነት እለዋለሁ። ጎረቤቷ ከፋ በ1897 በምኒልክ ጦር ተወረረች፣ ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። የጅማ ሠራዊት በዚያ ዘመቻ መሰለፉ ግን ይከነክነኛል።

አስጎብኚው ቶሎ ያለፈው ነገርም አለ። የጅማው የሂርማታ ገበያ የደመቀው በቡና፣ በዝባድና በዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ስጠይቀው ግን አልሸሸም፣ ቁጭ ብሎ በደንብ አስረዳኝ። ስለ ግርማው ሲወራ ይህም አብሮ መነገር አለበት።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ ያለውን ሙዚየም አየሁ። የንጉሡ የግል ዕቃዎች እዚያ ናቸው። የጅማን በርጩማ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ናቸው፣ መጋጠሚያ የሚባል የለውም። ዕቃው ከተማ፣ ቤቱ ኮረብታ ላይ መሆኑ ግን ይቆጨኛል። ወደ ጅሬን ቢመለስ ጎብኚው ሁለቱን ባንድ ላይ ያይ ነበር።