ከበቅሎ ተራሮች ሥር የወጣ ሰማያዊ

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ያለችው ቱሳን በየዓመቱ የካቲት ሲገባ የድንጋይ ከተማ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የሚካሄደው የማዕድን ትርኢት ሲደርስ ሆቴሉ፣ ድንኳኑ፣ የመንገዱ ዳር ሁሉ ጠረጴዛ ነው። እኔም ከፊኒክስ እየነዳሁ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ግን ትርኢቱን በአንድ ቀን ጨርሼ በማግስቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጥንቷ የመዳብ ማዕድን ከተማ ወደ ቢዝቢ ወረድኩ። የምፈልገው አዙራይት ነበር፤ ያንን ጥልቅ ሰማያዊ የመዳብ ማዕድን፣ ያውም ከጥንቶቹ ጉድጓዶች የወጣውን።

ለጉዞው ያነሳሳኝ ትርኢቱ ላይ ያገኘሁት የወሎ ልጅ ነው። የደላንታ ኦፓል ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ዓለም ያወቀውን። ከኪሴ አንድ አዙራይት አውጥቼ አሳየሁት። አገላብጦ አየና፣

«ፊቱን ምን ነካው?» አለኝ።

ነገርኩት። እናቴ የመዳብ ዕቃ ሲጠቁርባት በሎሚ ታሸው ነበር፤ ያበራል። ይህም መዳብ ነው ብዬ አቧራውን ላስለቅቅ ሎሚ ጨመቅኩበት። ወዲያው አረፋ ደፈቀ። አዙራይት መዳብ ከካርቦኔት ጋር የተዋሃደበት ማዕድን ስለሆነ አሲድ ሲነካው ይሟሟል፤ አረፋው የሚያመልጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አጥቤ እስካነሳው ድረስ የመስታወት ያህል ያንጸባርቅ የነበረው ፊቱ ደብዝዞ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ከየት የወጣ ነው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ሻጩ «አሪዞና» ብሎኝ ነበር፣ በቃ።

«ወንድሜ፣ የእኛም እንዲሁ ነው የሚሆነው» አለ። «ሦስት እጅ ካለፈ በኋላ ወገል ጤና የሚባል ስም የለም። ከዚህ በኋላ ስትገዛ ጉድጓዱን ጠይቅ፣ ጻፍበትም።»

በማግስቱ ቤንሰን ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጥቼ በ80 ቁጥር መንገድ ቶምብስቶንን አለፍኩ። ከዚያ መንገዱ የበቅሎ ተራሮች ወደሚባሉት ይወጣል፤ ዋሻውን አልፎ ብቅ ሲሉ ቢዝቢ ገደሉ ላይ ተለጥፋ ትታያለች። ቤቶቹ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ የቆመ ይመስላሉ፤ በየመካከላቸው የሲሚንቶ ደረጃ ነው።

መጀመሪያ የገባሁት የጥንቱ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ነው፤ ኮፐር ክዊን። የምድር ውስጥ ሥራው በ1975 ቆሞ በዓመቱ ለጎብኚ ተከፈተ። ባርኔጣና መብራት ይሰጡሃል፤ ፈረስ እንደሚጋለብ እግርህን ግራና ቀኝ አድርገህ ትንሿ ባቡር ላይ ትቀመጣለህ፤ ከዚያ ተራራው ሆድ ውስጥ ነህ። ውጭው ፀሐይ ነበር፣ ውስጡ ግን 8 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ።

አዙራይቱ የሚፈጠረው የዝናብ ውሃ የመዳቡን ማዕድን እያሟሟ ወርዶ ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲገናኝ ነው። ቢዝቢ ደግሞ የኖራ ድንጋይ አገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች ግድግዳቸው ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነ ዋሻ ሁሉ ያገኙ ነበር። አብዛኛው ተፈጭቶ እቶን ገባ። ከግማሽ በላይ ክብደቱ መዳብ ነውና ለኩባንያው ምርጥ ጥሬ ዕቃ ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴን ይበላኛል። ዛሬ ሙዚየም ያለው የተረፈው ነው፤ የተረፈውም ብዙውን ጊዜ ቆፋሪው በምሳ ዕቃው ደብቆ ወደ ቤቱ ስለወሰደው ነው። እነዚያ ሰዎች ቀላል ኑሮ አልነበራቸውም፤ ሐምሌ 1917 ሥራ ያቆሙ 1,200 ያህል ሠራተኞች በመሣሪያ ተከበው፣ በከብት ፉርጎ ተጭነው ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ተጥለዋል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ላቨንደር ፒት የሚሉት ጉድጓድ አለ፤ 270 ሜትር ያህል ይጠልቃል፣ ከ1974 ጀምሮ ዝም ብሏል። አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁት። ገብቶ መልቀም ክልክል ነው፤ የማይረባም አደጋ ነው። ለዚህ ነው የድሮ ድንጋይ ከጉድጓድ ሳይሆን ከሰው ቤት የሚፈለገው።

እኔም ያገኘሁት ከሰው ቤት ነው። አንዲት አሮጊት በረንዳቸው ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። አዙራይት እንዳላቸው ስጠይቃቸው ገብተው የሲጋር ሳጥን ይዘው መጡ። በጥጥ የተጠቀለለ፣ ሎሚ የሚያክል ድንጋይ፤ ሥሩ ቡናማ የብረት ዝገት፣ ላዩ ላይ ጥፍር ጥፍር የሚያክሉ ክሪስታሎች ተቃቅፈው። በጥላ ሲያዩት ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ሰማያዊው ከውስጡ ይነሳል። በአንደኛው ጠርዝ ክሪስታሎቹ ቅርጻቸውን እንደያዙ አረንጓዴ ሆነዋል፤ አዙራይት ቀስ እያለ ማላካይት ወደሚባለው አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን ይለወጣል፣ መልኩ ይሄዳል፣ ቅርጹ ይቀራል።

«አያቴ ነው ያመጣው። እናቴ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ብቻ ነበር የምታነሳው፤ ውሃ አስነክታው አታውቅም» አሉኝ።

ከጥጡ ሥር ቢጫ የሆነች ወረቀት ነበረች። በቀለም ብዕር «ሆልብሩክ» ተጽፎባታል፣ ከጎኑ 1906። ሆልብሩክ ከጥንቶቹ የቢዝቢ ጉድጓዶች አንዱ ነው። ዋጋውን 180 ዶላር አሉኝ፤ አልተከራከርኩም።

«ወረቀቷንም ይስጡኝ» አልኳቸው።

«እሷን ደግሞ ምን ታደርጋታለህ?»

«ያለሷ ድንጋዩ አገር የለውም።»

ትንሽ አዩኝና ወረቀቷን አጥፈው ሳይሆን እንደተዘረጋች በፖስታ ውስጥ ከተው ሰጡኝ። ወደ ፊኒክስ ስመለስ ሳጥኑን ጎኔ ወንበር ላይ በቀበቶ አስሬ ነዳሁ። ማታ በሌላ ወረቀት ላይ የእሳቸውን ቃል፣ የአያታቸውን ሥራና የገዛሁበትን ቀን በአማርኛ ጻፍኩና ከአሮጌዋ ጋር አንድ ላይ አስቀመጥኩ። አረንጓዴው ጠርዝ እስከ የት እንደደረሰም በማስመሪያ ለካሁት፤ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው።