ከዋኽኒንገን እስከ ደ ሆኸ ፌሉወ፦ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በብስክሌት የዋልንበት ቅዳሜ

ዋኽኒንገን ትንሽ የኔዘርላንድስ ከተማ ናት፤ በዩኒቨርሲቲዋ ምክንያት ግን በአገራችን ግብርና ያጠና ሰው ስሟን ሳይሰማ አይቀርም። እኔም የአፈር ሳይንስ ልማር የሄድኩት ወደዚያው ነው። በክፍላችን ከጋና፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከቻይና፣ ከኮሎምቢያና ከዚያው ከኔዘርላንድስ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም የአገሩን ሰው ፈልጎ ይሄዳል፤ እኛ ኢትዮጵያውያንም እንዲሁ። ይህ ነገር ከነከነኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ተምረን፣ ሳንተዋወቅ ልንለያይ ነው ብዬ ሰጋሁ። ግብዣ ቢዘጋጅ ሰው የሚቀመጠው ከሚያውቀው ሰው አጠገብ ነው። መንገድ ላይ ግን አጠገብህ የምታገኘው እርምጃው ከእርምጃህ የገጠመውን ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ በብስክሌት ወጥተን እንድንውል ሐሳብ አቀረብኩ።

መድረሻ አድርጌ የመረጥኩት ደ ሆኸ ፌሉወ የተባለውን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ወደ 5,400 ሄክታር የሚሰፋ ደን፣ ቁጥቋጦ ሜዳና አሸዋ ነው። ኦተርሎ በምትባል መንደር በኩል ያለው መግቢያ ከዋኽኒንገን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እንድመርጠው ያደረጉኝ ግን ነጫጮቹ ብስክሌቶች ናቸው። በየመግቢያው በሮች ተደርድረው የሚጠብቁ 1,800 ያህል ብስክሌቶች አሉ፤ የመግቢያ ትኬት የቆረጠ ሰው ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አንዱን አንስቶ ይነዳል።

አስቀድሜ ያሰብኩት ሊቀሩ ስለሚችሉት ሰዎች ነው። የባሕር ዳር ልጅ በመሆኔ ብስክሌት አይከብደኝም፤ ለኔዘርላንድስ ልጆች ደግሞ ገና በልጅነታቸው የለመዱት ነው። በክፍላችን ግን ብስክሌት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት እዚያ ከመጡ በኋላ የሆኑ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በአገር ቤት መምህር የነበሩ፣ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ስጋብዛቸው «ልጄ፣ እኔ መንገድ ላይ ወድቄ ቀናችሁን ከማበላሽባችሁ ፎቶውን ባየው ይሻለኛል» አሉኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ከቀሩ እኔም ቀርቻለሁ፤ ለእርስዎ የሚሆን መንገድ አለኝ» አልኳቸው።

መንገዱም ጉዞውን በሁለት መነሻ መክፈል ነበር። ረጅሙን መንገድ የሚችል ከዋኽኒንገን በራሱ ብስክሌት ይነሣል። የማይችል ደግሞ በአውቶቡስ ኦተርሎ ይደርስና ነጩን ብስክሌት ይዞ ከመኪና መንገድ በተለየው የፓርኩ የብስክሌት መንገድ ላይ ይቀላቀለናል። ሁለቱም ወገን በር ላይ በተመሳሳይ ሰዓት ይገናኛል። ይህን ካሳወቅሁ በኋላ አንገራግረው የነበሩት ሁሉ ስማቸውን አስመዘገቡ። የቡድን ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይውሰድ ብባል ይህን እመርጣለሁ፦ ደካማው ሰው የሚገባበትን በር አስቀድመህ ክፈት፤ ብርቱውማ በየትም በኩል ይመጣል።

ጋሼን ማታ ማታ ከመኖሪያ ሕንፃው ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ አለማመድኳቸው። ለአዋቂ ጀማሪ የሚበጀው ዘዴ ቀላል ነው። ኮርቻውን ሁለቱም እግሮች መሬት እስኪነኩ ድረስ ዝቅ ማድረግ፤ ከዚያ ፔዳሉን ጨርሶ ረስቶ መሬቱን በእግር እየገፉ መንሸራተት። ሚዛኑ የሚመጣው በዚህ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ኮርቻ ይዞ መሮጥ ጀማሪውን በሰው እንዲደገፍ ያስለምደዋል። ዓይናቸውን ከፊት ጎማው አንሥተው ሩቅ ማየት በጀመሩ ጊዜ መሪው መወላገዱን ተወ። ነጫጮቹ ብስክሌቶች ፍሬናቸው በእጅ ሳይሆን ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ስለሆነ፣ ይህንንም እንዲለምዱት እንደዚያው ዓይነት ብስክሌት ተዋስን። ለዚህ ፍሬን እንግዳ የሆነ ሰው ቁልቁለት ላይ በደመ ነፍስ መሪው ላይ ፍሬን ይፈልጋል፤ በዚያች ቅጽበት አደጋ ሊደርስ ይችላል።

አቅጣጫውን ለማወቅ ስልክ አላስፈለገንም። በኔዘርላንድስ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብስክሌት እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ በሕግ ተከልክሏል፤ ያስቀጣል። የብስክሌት መንገዶቹ መጋጠሚያዎች ግን እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፤ በየመጋጠሚያው ላይ ወደሚቀጥሉት ቁጥሮች የሚወስዱ ምልክቶች ተተክለዋል። እኔም ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል በትልልቁ በወረቀት ጽፌ መሪዬ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። ለሌሎቹም አንዳንድ ቅጂ ሰጠኋቸው።

ወቅቱ የመስቀል ሰሞን ነበር። የአሰላለፉ ደንብ አጭር ነው፦ ጎን ለጎን ከሁለት በላይ አይኬድም፤ ዘገምተኛው ከመሪው ቀጥሎ ይሆናል፤ ፓምፕና የጎማ መጠገኛ የያዘው ብርቱ ሰው መጨረሻ ላይ ይሆናል። በየመጋጠሚያው ቆመን ኋለኛውን እንጠብቃለን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ኋለኛው እንደደረሰ ወዲያው መነሣት በእርሱ ላይ ግፍ ነው፤ ፊተኞቹ ሲጠብቁ ዐርፈዋል፣ እርሱ ግን ገና እያለከለከ ነው። እኛ የምንነሣው የመጨረሻው ሰው ውኃ ጠጥቶ «እንሂድ» ሲል ነበር። ቆይታው ጊዜ ይወስዳል፤ ወዳጅነት የተጀመረው ግን በእነዚያ ቆይታዎች ነው። ዳቦ ቆሎዬን ያወጣሁት ከኤደ ከተማ ወጥተን ባረፍንበት ነው። ኢንዶኔዥያዊቷ ልጅ ከእናቷ የተላከላትን የኦቾሎኒ ቂጣ አወጣች። ቻይናዊው ከሁለቱም ቀመሰና ሙያውን ጠየቀን።

ኦተርሎ ሳንደርስ የጋናው ልጅ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ካላማዳሪውን አውጥተን፣ ነፍተን፣ አየሩ የሚወጣበትን በከንፈር ስንፈልግ አገኘነው። የኔዘርላንድስ ልጅ ግን ከመለጠፋችን በፊት ጣቷን በጎማው የውስጥ ግድግዳ ዙሪያውን ቀስ ብላ አሳለፈች፤ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ነበር። ሳይነቀል ቢለጠፍ ኖሮ ጥቂት ሳንሄድ ዳግም በተነፈሰ ነበር።

ጋሼና ሌሎቹ ነጭ ብስክሌት ይዘው በር ላይ ጠበቁን። ፓርኩ ውስጥ ለአፈር ተማሪ የሚበቃ ትምህርት አለ። ከደኑ ሲወጡ ድንገት ሰፊ ባዶ አሸዋ ይገጥማል። አሸዋውን ያገላለጠው የሰው እጅ ነው፦ ገበሬዎች በጎች ሲያሰማሩበት፣ የላዩን ሣርና አፈር እየገፈፉ በበረት ከፍግ ጋር ቀላቅለው ለእርሻቸው ማዳበሪያ ሲያደርጉት ኖረው፣ የተራቆተውን አሸዋ ነፋስ ያንቀሳቅሰው ጀመር። ጋሼ ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ዘግነው በጣቶቻቸው መካከል አፈሰሱት። ከዚያም ስለ ወሎ ተራሮች፣ ስለ እርከንና መሬቱ እንዲያገግም ከከብት ስለሚከለል ቦታ ያወሩን ጀመር። ኮሎምቢያዊቷ ስለ አገሯ የተራራ እርሻ ጠየቀች፣ ተከራከሩ። በክፍል ውስጥ ድምፃቸው እምብዛም የማይሰማው ሰው የዚያን ቀን መምህራችን ሆኑ።

በፓርኩ መካከል በ1938 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የክሮለር ሙለር የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ትኬቱ ለብቻው ስለሚከፈል አንዳንዶቹ ውጭ ቀሩ። የገባነው የኔዘርላንድሱ ሠዓሊ ቫን ጎግ በ1888 እ.ኤ.አ. የሣለውን ዘሪ ገበሬ ለማየት ነው። ፀሐይዋ ከአድማስ ላይ ትልቅና ቢጫ ሆና፣ ሰውየው በታረሰው መሬት ላይ እየተራመደ ዘር ይበትናል፤ ከኋላው ወፎች አሉ። ጤፍ በብተና ሲዘራ ያየ ኢትዮጵያዊ ያንን የክንድ አወራወር በሚገባ ያውቀዋል። ለጋናው ልጅ በመስመርና በብተና መዝራት መካከል ያለውን ልዩነት እዚያው ሥዕሉ ፊት ቆሜ አስረዳሁት።

ወቅቱ የቀይ አጋዘን ወንዶች ሴቶቹን ለማግኘት የሚጮኹበት ስለነበር፣ ወደ ማታ እስኪጮኹ እንቆይ ያሉ ነበሩ። እኔ ግን በጊዜ እንድንመለስ አጥብቄ ያዝኩ። ነፋሱ በዚያ አገር አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ ሲሄዱ ከኋላ እየገፋ ያመጣ ነፋስ ሲመለሱ ደረት ይመታል። ስለዚህ ጉልበት የሚመደበው ለመልሱ ነው። በዚያ ላይ ሲመሽ የፊትና የኋላ መብራት ግዴታ ስለሆነ የሁሉንም መብራት በሩ ላይ አብርተን አየን። በመልሱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን የሚከላከለውን ሰው በየመጋጠሚያው እየቀያየርን ተጓዝን፤ የደከሙት ሁለቱ ብስክሌታቸውን ለሌላ ቀን እዚያው ቆልፈው ከጋሼ ጋር በአውቶቡስ ገቡ።

ለአውሮፓ ጸደይ የታሰበው መንገድ በራይን ወንዝ ዳር ወደ ሬነን የሚሄደው ነው። እርሱን የጋናው ልጅ ይመራል፤ ጋሼ ደግሞ ከመነሻው በብስክሌት እንደሚሄዱ ቃል ገብተዋል።