ያልበሰለው ኮምፖስት

ከኮሌጅ ወጥቼ በዲኤነት፣ ማለትም ገበሬ የሚያማክር የልማት ሠራተኛ ሆኜ፣ የተመደብኩት ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ፣ በኤረር በኩል ያለ ቀበሌ ነው። ማሽላና ጫት፣ ቆላው ሲጀምር ደግሞ ለውዝ የሚመረትበት አገር። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ የሠራሁት ስህተት እስካሁን ይቆጨኛል፤ የተጎዳው የሰው ማሳ ነዋ።

የዚያን ዓመት ማዳበሪያ ተወዶ ነበር። ሁላችንም አባ የምንላቸው አንድ አባወራ "ልጄ፣ ዘንድሮ ነጩን መግዛት አልችልም፣ ምን ይሻለኛል?" አሉኝ። ነጩ የሚሉት ዩሪያውን ነው። "ኮምፖስት ይበቃዎታል" አልኳቸው፣ ሳላንገራግር።

ጥር ላይ ተረፈ ሰብሉና ፍጉ በስብሶ ኮምፖስት የሚሆንበትን ጉድጓድ ቆፈርን። ያስገባነው ግን በብዛት ደረቅ የማሽላ አገዳ ነው። ፍግ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ኩበቱ ይነዳል፣ ደጅ ታስሮ ከሚቀለበው ሰንጋ ሥር የሚጠረገውም ቀድሞ ወደ ጫቱ ነው የሚሄደው። ውሃ ከሩቅ በአህያ ስለሚመጣ በደንብ አላጠጣነውም፣ አላገላበጥነውምም። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲጥል ጉድጓዱን ከፈትነው። አገዳው ቅርጹን አልለቀቀም፣ እጅ ሲያስገቡበት ይሞቃል። አባ "ይሄ ነገር ደርሷል?" አሉኝ። ደርሷል አልኩ። ዘር እንዳያልፋቸው ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ኮምፖስት የተጠቀመ ገበሬ ብዬ ሪፖርቴ ላይ ላስገባቸውም ቸኩዬ ነበር።

ማሽላው በቀለ። ጉልበት ሳይደርስ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው ቢጫ መሆን ያዙ። ዩሪያ ያገኘው የጎረቤት ማሳ ድንበሩን ተሻግሮ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አባ ምንም አላሉኝም፣ እሱ ደግሞ ከስድብ በላይ ከበደኝ።

አንዲት ነባር የአፈር ባለሙያ ለምኜ ወሰድኳት። ሥሩ አጠገብ ቆፍራ አንድ ቁራጭ አገዳ አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። ያልበሰበሰ አገዳ ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ጥቂት ነው። አፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን እሱን ለመብላት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፣ አገዳው ውስጥ ሲያጡት ከአፈሩ ይወስዳሉ፣ ማሽላው ጾሙን ያድራል። እኔ ምግብ ጨመርኩ ብዬ ተሻሚ ነበር የጨመርኩበት።

ግማሽ ኩንታል ዩሪያ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ዝናብ ጠብቀን፣ ከሥሩ ራቅ አድርገን እየቆፈርን ቀበርነው፤ በዚህ ሙቀት፣ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ዝም ብሎ ከተበተነ አሞኒያ ሆኖ በንኖ ይጠፋል። አረንጓዴው ተመለሰ። ዘግይቶ ነበርና እንደ ጎረቤቱ ግን አልሰጠም።

ያቺ ግማሽ ኩንታል ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ከመቶው አንድ እጅ ናይትሮጅን ካለው ደረቅ ኮምፖስት ይህንኑ ለማግኘት 23 ኩንታል መሸከም ያስፈልጋል፣ ያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀው ከፊሉን ብቻ ነው። "ይበቃዎታል" ስል ይህን አልቆጠርኩም።

ታዲያ ኮምፖስቱን አልተውነውም። በሚቀጥሉት ዓመታት በደንብ የበሰለውን ከግማሽ ዩሪያ ጋር አደረግን። ለውጡ የታየው በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲቆም ነው። የጎረቤቱ ማሽላ እኩለ ቀን ሳይደርስ ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ መሬቱም ላዩ ቅርፊት ሠርቶ የመጣችውን ጥቂት ዝናብ ሳያስገባ ወደ ቦይ ይሸኛታል። የአባ ማሳ ግን ሲዶማ ፈረስ ይላል፣ ሁለት ጣት ዝቅ ሲሉ እርጥበት አለ። ዩሪያ ሰብሉን ይመግባል፣ ውሃ የሚይዝ አፈር ግን አይሠራም።

አሁን ኮምፖስቱ ከጉድጓድ ሳይወጣ በፊት ከሱ አንድ እፍኝ አርጥበን ፌስታል ውስጥ እንቋጥራለን። በሦስተኛው ቀን ሲፈታ አፍንጫ የሚወጋ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ካለው አልደረሰም፤ ዝናብ የመታው አፈር ከሸተተ ደርሷል። ባለፈው መጋቢት አባ ራሳቸው ቋጥረው፣ ራሳቸው ፈትተው ደወሉልኝ። "ገና ነው ልጄ፣ ሁለት ሳምንት ቆይተህ ና" አሉኝ።