ጨው አይተንም

ትናንት ማታ በጨው ውሃ ገንዳ የማሳድጋትን የባሕር ፍጡር፣ ኮራሌን፣ ክሮቿን ሰብስባ፣ ጭምድድ ብላ አገኘኋት። ገንዳው ገና ሁለት ወሩ ነው። ሙቀቱን ለካሁ፤ 25 ዲግሪ፣ ደህና ነው። የጨው መለኪያው ግን በሊትር 35 ግራም ማሳየት ሲገባው 39 ደርሷል።

ጨው የበጠበጥኩበትን ጄሪካን አንስቼ ልሞላ ስል እናቴ ከማጀት ብቅ አለች።

«ምንድን ነው የምትጨምረው?»

«ውሃው ጎድሎ ነው እማዬ። የጨው ውሃ ነው።»

«አይ ልጄ! ወጥ ሲመጥ ውሃ ጠብ ይደረግበታል እንጂ ጨው ይደገማል እንዴ?»

ጄሪካኑን መልሼ አስቀመጥኩት። ለካ ሳምንቱን ሙሉ በጎደለ ቁጥር ጨው ስደራርብባት ነው የከረምኩት። በጎንደር የሚያዝያ ደረቅ አየር የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። የመስታወቱን ጠርዝ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ነጭ፣ ሻካራ፣ የጨው ቅርፊት ይዟል። በየቀኑ እያየሁት ነበር።

ኮራል ድንጋይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንስሳ ነው። ብዙውን ጊዜ ሥጋው ውስጥ ከብርሃን ምግብ የሚሠሩለት ደቃቅ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ሲጨነቅ እነሱን ያጣና ይነጣል። በሰሜን ቀይ ባሕር 40 ግራም ገደማ ችለው የሚኖሩ ኮራሎች አሉ፤ ለምደውት ነው። የኔዋን የጎዳት ድንገቱ ይመስለኛል። ስለዚህ ማስተካከሉም በቀስታ ሆነ፦ የተጣራ ውሃ፣ በኩባያ፣ ጠዋትና ማታ።

ዛሬ ከሥራ ስገባ እናቴ በርጩማ ስባ ገንዳው ሥር ተቀምጣለች። «ና እስቲ እይ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሦስት ክሮች ወጥተው ይወዛወዛሉ።