ከ124ኛ ፎቅ ወደ አንኮበር

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ዳር ቆማችሁ ሻይ የምትጠጡ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ካለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ጫፍ በላይ ናችሁ። ቀልድ አይደለም። ሕንፃው 209 ሜትር ነው፤ በአገራችን በቁመት የሚስተካከለው የለም። ግን ጫፉ ከባሕር ወለል ሲለካ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። የደብረ ብርሃን መሬት ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ብርዱን የቀመሰ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም።

ይህን ሒሳብ ለአክስቴ ልጅ ብነግራት ብዙም አልደነቃት። "እሺ፣ ታዲያ ከደብረ ብርሃን ምን ይታያል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከተማዋ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። አዳዲሶቹ ፎቆች ላይ ቢወጣ የሚታየው ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ የፋብሪካ ጣራ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሜዳ ነው። ከፍታ ብቻውን ምን ያደርጋል? ከእግር ሥር ገደል ያስፈልጋል።

እሷ ስለ ከፍታ የምትናገረው አላት። ዱባይ ለዓመታት ሠርታለች፤ አሁን ለእረፍት ነው የመጣችው። እዚያ እያለች ከደሞዟ ቆጥባ፣ በእረፍት ቀኗ ቡርጅ ኸሊፋ ላይ ወጥታለች። 828 ሜትር ነው ቁመቱ፤ በዓለም አንደኛ። ሰው የሚወጣው ግን እስከ ጫፉ አይደለም። የተለመደው ትኬት 124ኛ ፎቅ ያደርሳል፤ እሱም 452 ሜትር ላይ ነው። ገንዘብ ያለው ጨምሮ 148ኛ ይወጣል። ጀምበር ስትጠልቅ ያለው ሰዓት ደግሞ ዋጋው ይወደዳል። ሊፍቱ በሴኮንድ 10 ሜትር ስለሚምዘገዘግ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጆሮ ይደፈናል።

"ምን አየሽ?" አልኳት።

"አቧራ" አለች።

በጋ ነበር፤ ሰማዩ በአሸዋ ታፍኗል። ታች ያሉትን መንገዶችና ፎቆች አይታለች፤ ባሕሩ ግን ደብዝዞ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሏል። ከሁሉ በላይ ልታይ የፈለገችው የምትሠራበትን ቤት ነበር። አቅጣጫውን ገምታ፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ፈለገች። ሁሉም ጣራ አንድ ዓይነት ሆነባት። አጠገቧ የቆመውን ጥበቃ ብትጠይቀው እሱም እንግዳ አገር የሚሠራ ሰው ነው፤ ትከሻውን ነቀነቀ። "ማዳም ቤቷን ከዚያ ላይ ብታየው እሷም አታውቀውም" ብላ ሳቀች።

እንግዲህ አንኮበርን ላሳያት የተነሳሁት ከዚህ ወሬ በኋላ ነው።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ በጠዋት ተነሳን። መንገዱ መጀመሪያ ላይ ምንም ፍንጭ አይሰጥም። ገብስ፣ ባቄላ፣ የድንጋይ ካብ፣ የተከመረ ኩበት፣ በጎች፣ ጋቢ የተከናነበ እረኛ። ሁሉም ነገር ዝቅ ብሎ መሬት ላይ የተኛበት አገር ነው። የአክስቴ ልጅ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ሜዳው ያልቃል። ቀስ ብሎ አይደለም፤ እንደተቆረሰ ዳቦ ነው የሚያልቀው። መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ነቃች፤ በመስኮት ወደ ታች አየችና የፊት ወንበሩን ጨብጣ ያዘች።

ጎረቤላ የወረዳው ከተማ ናት። እዚያ ቁርስ በላን። ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሄድን።

ኮረብታው ብቻውን ሾጥሾጥ ብሎ የቆመ ነው። ሊፍት የለም። በጽድና በቁጥቋጦ መሀል ሽቅብ የሚወጣ መንገድ አለ፤ እሱን በእግር መግፋት ነው። የደጋ ልጅ ነኝ ብዬ የምኩራራው ሰውዬ መሀል ላይ ቆሜ ፎቶ የማነሳ መሰልኩ። እሷ ቀድማኝ ደረሰች። ጫፉ ላይ በምኒልክ እልፍኝ አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ። ከድሮው ቤተ መንግሥት የቀረው ግን አንድ ረጅም የድንጋይ ግድግዳ ነው። ቱሪስት ይህንን አይቶ "ይኸው ነው?" ሊል ይችላል። ይበል። ወደ ግድግዳው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ምሥራቅ ይዙር።

ወደ ምሥራቅ መሬቱ ይወርዳል፤ ይወርዳል፤ አሁንም ይወርዳል። አንዱ ጋራ ከሌላው ጀርባ እየተደረደረ፣ ቅርቡ አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ መጨረሻው ግራጫ ሆኖ ወደ አዋሽ ሸለቆና ወደ አፋር ሜዳ ይሄዳል። ጋራዎቹ ጀርባ ላይ ቤቶች አሉ፤ ሰው እንዴት እንደሚደርስባቸው እንጃ። በሰሜን በኩል ጥቁር ሆኖ የሚታየው የወፍ ዋሻ ደን ነው፤ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ከፍ ሲል ደግሞ አስታና ጅብራ ያለበት። አንድ ጥንብ አንሳ ከበታቻችን አለፈ። ጀርባውን ነው ያየነው። የአክስቴ ልጅ "ወፍ ከላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው" አለች። ቡርጅ ኸሊፋ ላይ ወፍ አላየችም ማለት ነው።

እዚያ ያገኘናቸው አንድ አባት ነበሩ። ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ታች ታች ያያሉ። "እንደምን አደሩ አባባ" አልን። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ" አሉ። የአክስቴ ልጅ ወዲያው ጠየቀች።

"አባባ፣ ያ ከተማ የሚመስለው ምንድን ነው?"

"እሱ አልዩ አምባ ነው፤ ገበያው።"

"ያኛውስ፣ ከማዶ ያለው?"

የዚያንም ስም ነገሯት። የሚቀጥለውንም። ዱላቸውን እንደ መምህር ዘርግተው እያንዳንዱን ጋራ፣ እያንዳንዱን ወንዝ፣ የማን አገር እንደሆነ፣ የትኛው ማሽላ የትኛው ጤፍ እንደሚያበቅል፣ የቱ ጋ ክረምት መንገድ እንደሚቆረጥ ነገሩን። ይኸኛው አርጎባ ነው፤ ያኛው የእኅታቸው ባል የተወለደበት ነው። በመጨረሻ "የእርስዎ ቤትስ አባባ?" አለች። ዱላው ትንሽ ወደ ግራ ዞረ። "ያ ጭስ የሚወጣበት። ቡና እየተፈላ ነው መሰለኝ" አሉ። ጭሱን አየነው። እሷ ስልኳን አወጣችና ከሰፊው እይታ ሁሉ መርጣ ያንን ጭስ አነሳች። ፎቶው ላይ ምንም አይታይም። አልሰረዘችውም።

እኔ ደግሞ አልዩ አምባን እያየሁ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ይህ ኮረብታ ለመዝናኛ አልተመረጠም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዛው ሣህለ ሥላሴ እዚህ የተቀመጠው ከታች የሚመጣውን ሁሉ ለማየትና ለመቆጣጠር ይመቻል ብሎ ነው። ከታጁራ ወደብና ከሐረር የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ የሚደርሰው አልዩ አምባ ነበር። አሞሌ ጨው በዚያ ይገባል፤ ቡናው ይወጣል፤ ባሪያም በዚያው መንገድ ይነዳ ነበር፤ ይህን መዝለል አይገባም። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው ከንጉሡ ጋር ውል የተፈራረመው። ታች ሆኖ ሽቅብ ያየው ኮረብታ ምን መስሎት ይሆን?

ምኒልክም ከመቅደላ አምልጦ ሲመለስ አንኮበር ነበረች መናገሻው። በኋላ ወደ እንጦጦ ሄደ፤ ከእንጦጦ ደግሞ አዲስ አበባ ወረደች። እንጦጦም ያው ሌላ ሰገነት ነው። ዛሬ አዲስ አበቤ ከተማውን ቁልቁል ለማየት እዚያ ነው የሚወጣው። ነገሥታቱ ከተማ የሚቆረቁሩት ከላይ ሆነው ነበር፤ እኛ ታች ሠርተን ነው ከላይ ለማየት ፎቅ የምንቀጥለው።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ጉሙ ተነሳ። ከቆላው ሽቅብ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ አልዩ አምባ ጠፋች፤ ቀጥሎ የአባባ ቤት፤ ቀጥሎ የቆምንበት ግድግዳ ብቻ ቀረ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው "አሁን ውረዱ፤ ዛሬ አይገለጥም" አሉን። የአየር ትንበያ ድረ ገጽ ቢሆን በመቶኛ ይነግረን ነበር። ወረድን። እውነትም አልተገለጠም።

ጣርማበርን ያየነው በሌላ ቀን ነው፤ ወደ ደብረ ሲና ስንሄድ። አየነው ማለትም ይከብዳል፤ ከጥቅጥቅ ጉም በቀር ምንም የለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ገብተህ በሌላው በኩል ስትወጣ መሬቱ ከፊትህ ይጠፋል ይባላል። ለእኛ ከመግባታችን በፊትም ጠፍቶ ነበር። ልጆች የበግ ጠጉር ቆብ ይዘው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ። የአክስቴ ልጅ አንዱን ገዛች። "ቢያንስ እዚህ የመግቢያ አልከፈልኩም" አለች።

ሒሳቤን ግን አልተውኩም። ከዋሻው አፍ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ቡርጅ ኸሊፋ ብትደራርብ አይሞላውም። የዚያ ሕንፃ ጫፍ ከሸዋ ሮቢት አስፋልት እንኳ በታች ነው፤ ሮቢት ከባሕር ወለል ከ1,200 ሜትር በላይ ነች። ሹፌሩ ሲሰማኝ ቆይቶ "ወንድሜ፣ እኔ ይህን ቁልቁለት የምለካው በፍሬን ሸራ ነው" አለኝ።

መሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ በዚህ ዘመን ይህ ግዴታ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ አየሩ ይጠራል። አንኮበር ለማደር ሂዱና ጠዋት ጀምበር ስትወጣ ኮረብታው ላይ ሁኑ፤ ከረፋዱ በኋላ በጉሙ ፈቃድ ነው። ጋቢ ያዙ፤ ጃኬት ብቻውን አያዋጣም። ደብረ ሲና ስትደርሱ ደግሞ የቆሎ ሻጮቹ መስኮታችሁን ይከባሉ። ሳትቀምሱ አትግዙ፤ ራሳቸው ያቀምሷችኋል።