ቺፑ መጨረሻ ይምጣ

ደሴ፣ ሐምሌ፣ ማታ። የጦሳ ተራራ ጉሙን እንደተከናነበ ነው። ጠረጴዛው ላይ ክዳኗ የተነሳ የሄድፎን አምፕ (የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ማጉያ)፣ ካውያ፣ ሊድና መልቲሜትር።

የሄድፎን አምፕ ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ምን ቺፕ ላስገባላት?» ብሎ ነው። ቺፕ የሚሉት ድምፁን የሚያጎላውን ባለ ስምንት እግር አካል ነው። ሳይገድሉ ጎፈሬ። ቺፕ ከሶኬቱ ነቅሎ ሌላ መሰካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ያጓጓል እንጂ፣ ድምፅ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከሁሉም ያነሰ ነው። መጀመሪያ ማዳመጫው ይታይ፣ ቀጥሎ ጌይኑ (አምፑ የገባውን ቮልት ስንት እጥፍ እንደሚያደርገው)፣ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ (ኃይል የሚሰጣት ክፍል)።

ማዳመጫው ላይ የሚፈለጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ኦሙ (ለከረንት ያለው ተቃውሞ) እና የሚሰጠው ዴሲቤል (የድምፅ መጠን)። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600ን እንውሰድ። 300 ኦም ነው፤ 1 ቮልት ሲገባለት 97 ዴሲቤል ይሰጣል። ከበሮ ድንገት ሲመታ ሳይታፈን 110 ዴሲቤል እንዲደርስ 4.5 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ከረንቱ ግን 15 ሚሊ አምፒር ብቻ ነው። በአንድ የ9 ቮልት ባትሪ የምትሠራ አምፕ ባትሪውን ለሁለት ስትከፍለው ±4.5 ቮልት ይሆናል፤ ቺፑ ከላይም ከታችም ቮልት ተኩል ያህል ይበላል፤ ለማዳመጫው የሚተርፈው ጫፉ 3 ቮልት ነው፤ ከላይ ያለው 4.5 ቮልት በተቆጠረበት አለካክ (አርኤምኤስ) ደግሞ 2 ቮልት ገደማ። 103 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይሻክራል። የፈለገውን ያህል ውድ ቺፕ ቢሰካ ባትሪው የሌለውን ቮልት አይወልድም። ሁለተኛ የ9 ቮልት ባትሪ መጨመር ግን ወዲያው ይፈታዋል።

32 ኦም ማዳመጫ ነገሩ ሌላ ነው። በ1 ሚሊ ዋት 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ከሆነ ለ110 ዴሲቤል 0.57 ቮልት ይበቃዋል፤ ከረንቱ ግን ጫፍ ላይ 25 ሚሊ አምፒር ይደርሳል። ከድሮ ቴፕና ሚክሰር እየተነቀለ የሚሸጠው 4558 ቺፕ የሚደክመው እዚህ ጋ ነው። ኤንጄኤም4556 የተባለው ቺፕ እስከ 70 ሚሊ አምፒር ስለሚሰጥ ለእንዲህ ያለው ማዳመጫ ይሻላል።

የአምፑ የውጪ ኦም (መውጫዋ ላይ ያለው ተቃውሞ) ከማዳመጫው ኦም ከአንድ ስምንተኛ አይብለጥ። ለ32 ኦም ማዳመጫ 4 ኦም ማለት ነው። የድሮ ቴፕ ዴኮች ከጃካቸው ፊት 100 ኦምና ከዚያ በላይ ሬዚስተር ይደረድራሉ። ማዳመጫው 32 ኦም ሆኖ ባሱ ላይ 64 ከደረሰ፣ 100 ኦም ሲቀደምለት ባሱ ከሌላው በ4 ዴሲቤል ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ይህንን «ሞቅ ያለ ድምፅ» ይለዋል። እውነቱ ግን ድምፁ ተዛብቷል።

ጌይን። ሲሞይ በሚባለው፣ በቤት በሚሠራው አምፕ የተለመደ ንድፍ 1 ኪሎ ኦምና 10 ኪሎ ኦም ተጣምረው ጌይኑ 11 ነው። ይህ ለስልክና ለ32 ኦም ማዳመጫ ከልክ ያለፈ ነው፤ ቮልዩሙ ገና ሲነካ ይጮኻል። ርካሽ ቮልዩም ደግሞ መነሻው ላይ ግራና ቀኙ እኩል አይሆንም፤ ዘፋኙ ወደ አንድ ጆሮ ይሄዳል። 1 ኪሎ ኦሙን በሁለቱም ወገን በ4.7 ኪሎ ኦም መተካት ጌይኑን 3.1 ያደርሰዋል። ሁለት ሬዚስተር ብቻ! ከሁሉም ማሻሻያ ርካሹና ጆሮ ወዲያው የሚለየው ይሄ ነው። ለ300 ኦሙ 11ን እንዳለ መተው አይከፋም።

ካፓሲተር ላይ ብዙ አልቆይም። መግቢያው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ከ100 ኪሎ ኦም ጋር ሲሆን ከ16 ኸርዝ በታች ያለውን ባስ ይቆርጣል፤ 0.47 የፊልም ካፓሲተር ወደ 3.4 ያወርደዋል። ውጪው ላይ ካፓሲተር ያለባት አምፕ ከሆነች 220 ማይክሮፋራድ ለ300 ኦም ይበቃል፤ ለ32 ኦም ግን መቁረጫው 23 ኸርዝ ላይ ስለሚያርፍ 470 ይግባ።

አሁን ቺፑ። ሰው ኦፒኤ2134 የተባለውን ቺፕ አውጥቶ ኤንኢ5532 የተባለውን ሲሰካ የሚገጥመው ነገር አለ። ኤንኢ5532 በመግቢያው 200 ናኖ አምፒር ያህል ይስባል። በ100 ኪሎ ኦም ውስጥ ሲያልፍ 20 ሚሊ ቮልት ይሆናል፤ በጌይን 11 ሲባዛ 220 ሚሊ ቮልት ዲሲ (የማይለዋወጥ ቮልት) ማዳመጫው ላይ ይቀመጣል። ሲሰካ ጧ ይላል፤ የማዳመጫው ጥቅልል ከቦታው ተገፍቶ ይቆያል። ኤንኢ5532 የግድ ከሆነ 100 ኪሎ ኦሙ ወደ 10 ይውረድ፣ የመግቢያው ካፓሲተር ወደ 2.2 ማይክሮፋራድ ይደግ። በተጨማሪም ±5 ቮልት ስለሚፈልግ በአንድ ባትሪ አይሞከር።

ይኸው ልኬት አስመሳዩን ቺፕም ያጋልጣል። ኦፒኤ2134 የሚስበው ከምንም አይቆጠርም፤ እውነተኛው ከሆነ በጌይን 11 ውጪው ላይ ከ20 ሚሊ ቮልት ብዙ አያልፍም። ከፒያሳ የመጣው ቺፕ ላዩ ላይ 2134 ተጽፎበት መልቲሜትሩ 200 ካሳየ፣ ጽሑፉ አዲስ ነው፣ ሆዱ ሌላ። አለካኩ እንዲህ ነው፤ ማዳመጫው ይነቀል፣ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ይሁን፣ መልቲሜትሩ 2000 ሚሊ ቮልት (2 ቮልት) ዲሲ ላይ ይዞር፣ ጥቁሩ ግራውንድ ላይ፣ ቀዩ መጀመሪያ እግር 1 ላይ፣ ቀጥሎ እግር 7 ላይ። መቁጠር ከነጥቡ አጠገብ ካለው እግር ይጀምራል። ከ50 ሚሊ ቮልት በላይ ካሳየ ጥሩው ማዳመጫ አይሰካም፤ ሙከራው በርካሹ ይሁን።

ፈጣን ቺፕ ደግሞ ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ምልክቱ ምንም ሙዚቃ ሳይኖር መሞቁ ነው። ኦፒኤ2134 ዝም ብሎ ሲቀመጥ 8 ሚሊ አምፒር ገደማ ይወስዳል፤ ሌላው ሲሰካ 30 ከታየ እየተንቀጠቀጠ ነው። 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ በእግር 4ና በእግር 8 መካከል፣ እግሩ አጭር ሆኖ፣ ከሶኬቱ ሥር ይበየድ። ካልቆመ ከቺፑ ወደ ጃኩ 3.3 ኦም ይጨመር።

ስለ መብራት። ከባትሪ ወደ ትራንስፎርመር የሚሻገር ሰው 15-0-15 ትራንስፎርመርን (ከመሃል ግራውንድ ጋር ሁለት 15 ቮልት የሚሰጠውን) ከ7815ና 7915 ሬጉሌተሮች ጋር (ቮልቱን +15ና −15 ላይ ከሚያጸኑት) ያጣምራል። ወረቀት ላይ ልክ ነው። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ 220 የነበረው 180 ሲወርድ ግን ከትራንስፎርመሩ ወጥቶ ዲሲ ከሆነ በኋላ የሚደርሰው 16.6 ቮልት ብቻ ይሆናል፤ ሬጉሌተሩ ከላዩ 2 ቮልት ስለሚፈልግ ይለቅና የ100 ኸርዝ ጉምጉምታ ይገባል። 7812ና 7912 ይሁን፤ ±12 ለ300 ኦሙም ይተርፋል። ማጣሪያ ካፓሲተሩ ባለ 35 ቮልት ይሁን፤ ትንሽ ትራንስፎርመር ጭነት ሲያጣ ከተጻፈበት በላይ ስለሚሰጥ ባለ 25ቱ ጫፍ ላይ ይቆማል። ከትራንስፎርመሩ በፊት 100 ሚሊ አምፒር ፊውዝ አይቅር።

የ7912 እግሮች እንደ 7812 አይደሉም። ከፊት ለፊት ሲታዩ 7812 መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ነው፤ 7912 ግን ግራውንድ፣ መግቢያ፣ መውጫ። የጀርባው ብረትም ከመግቢያው ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱን አንድ ብረት ላይ በቡሎን ያሰረ ሰው ማይነሱን ከግራውንድ ጋር አገናኝቶታል ማለት ነው። ለዚህ አምፕ ማቀዝቀዣ ብረት አያስፈልግም፤ ሐረጎን ወርዶ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ቢገባም ሞቅ ከማለት አያልፍም።

ለመፈተሻ ከማሲንቆ የተሻለ አላውቅም። ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ የወሰዱት ቅኝቶች፣ በማሲንቆ ሲመቱ የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ የሚፈገፍግበት ድምፅ አለ፤ አምፑ ጫፍ መቁረጥ ሲጀምር መጀመሪያ የሚሻክረው እሱ ነው። ለባሱ የመንዙማ ድቤ ይሞከር።

በዚህ ጉም ደግሞ የሶኬቱና የጃኩ ብረት ይዝጋል። አንድ ጆሮ ጠፋ ሲባል ካውያ ከመሞቁ በፊት ቺፑን ነቅሎ እግሩን በአልኮል መጥረግና መልሶ መሰካት። ጃኩንም አሥር ጊዜ ያህል ሰካ ነቀል ማድረግ።